ከጭቃው ሥር ያለው የብስ

ከወረታ ወደ ይፋግ የሚሄድ መንገደኛ የርብን ወንዝ ይሻገራል። በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያለብሱታል፤ ከደጋ ያወረዱትን አፈር ከፊሉን ለሩዝ ማሳው ትተው የቀረውን ጣና ያገቡታል። በበጋ ደግሞ የሜዳው መረሬ አፈር ደርቆ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ቤት የሚሠራ ሰው መረሬን የሚፈራው ለዚሁ ጠባዩ ነው፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል።

የሐይቅና የባሕር ወለል መርማሪ ግን ድርቀትን ሲያይ ደስ የሚለው ጊዜ አለ። አንዴ ደርቆ የጠጠረ ደለል ውሃ ተመልሶ ቢተኛበትም ጥንካሬው ሁሉ አይለቀውም።

ጣና ላይ ይህ ታይቷል። ሄንሪ ላምብና መሐመድ ዑመር የነበሩበት ቡድን በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት እንደሚለው፣ ወደ ወለሉ የተላከው የድምፅ ሞገድ አራት ጎላ ያሉ ድንበሮችን አሳየ። ድምፅ ድንበር እንዳለ ይናገራል፤ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። ከዳር አካባቢ የወጡት ናሙናዎች ሲታዩ የላይኛው ድንበር ጠጣር ደለል ሆኖ ተገኘ፤ ሐይቁ የደረቀበት ዘመን ገጽ ነው። ወንዞች የቦረቦሩት ቦይ ሳይቀር እንደተቀበረ ይታያል። መሃል ላይ፣ ከ10 ሜትር ገደማ ጭቃ በታች፣ ከ16,700 ዓመት ወዲህ የበቀለ የደንገል ረግረግ ቅሪት ወጣ።

ተመራማሪዎቹ የፈለጉት የአየር ንብረትን ታሪክ ነበር። ሥራቸው ግን ለባሕር ላይ የንፋስ ኃይል ከሚደረገው ምርመራ ብዙም አይርቅም። በ2023 እ.ኤ.አ. የንፋስ ተርባይኖች ኃይል ማመንጨት የጀመሩበት የሰሜን ባሕሩ ዶገር ባንክም አንድ ወቅት የብስ ነበር። እዚያም መጀመሪያ ድምፅ ይላካል፣ ከዚያ ይቆፈራል፤ ጫፉ የሾለ ብረት እየተገፋም ወለሉ ምን ያህል እንደሚቋቋም ይለካል። አንዱን ተርባይን የሚሸከመው ጠጣር ንጣፍ ከጎረቤቱ ሥር በተቀበረ ወንዝ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የአንድ ጉድጓድ ውጤት ለሌላው አይበቃም። ድምፅ የሚያታልልበትም ጊዜ አለ፤ የበሰበሰ ዕፅ ያመነጨው ጋዝ ጭቃው ውስጥ ከታጎረ ሞገዱን ይበትነዋል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ከሥዕሉ ይጠፋል።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የአዳማና የአሸጎዳ ተርባይኖች የቆሙት የብስ ላይ ነው። ተርባይን ሐይቅ ላይም ይተከላል፦ ኔዘርላንድ አይሰልሜር ሐይቅ ላይ በአንድ የንፋስ ጣቢያ ብቻ 89 ተክላለች። በዩኔስኮ የተመዘገበው ጣና ላይ ግን ይህን ማንም ባያስብ ይሻላል። የወለል ምርመራ ለወደብም ያስፈልጋል፦ በፎገራ ዳርቻ አንድ ይሠራ ቢባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ርብ አፉ ላይ የከመረው ትኩስ ጭቃ ስንት ሜትር እንደሚወፍር፣ ጠጣሩ ንጣፍም የት እንደሚጀምር ነው።