አላቂ ዕቃ

በመሥሪያ ቤት የንብረት መዝገብ ዕቃ ሁለት ወገን ነው፤ ቋሚና አላቂ። አንዲት ዱካቲ ሞተር ሳይክል በዚህ መዝገብ ትግባ ቢባል ሻሲዋ፣ ሞተሯና ቸርኬዋ ከቋሚው ይሰፍራሉ፤ ጎማዋ ግን ከወረቀቱና ከሳሙናው ጋር ከአላቂው ይመደባል። ንብረት ክፍሉ አልተሳሳተም። እጁ ለነዳጅ በማይሰስት ነጂ ሥር የኋላ ጎማ ዕድሜው ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ስለ ጣሊያን ሞተሮች ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ቀይ ቀለማቸውና ስለ ድምፃቸው ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በእነዚያ ማሽኖች ላይ ካለው ሥራ ሁሉ እጅግ የረቀቀው ቶሎ የሚጣለው ይኸው ጥቁር ክብ ነው።

ከጎኑ ጀምረን እናንብበው። «180/55 ዜድ አር 17 (73 ደብልዩ)» የሚል ጽሑፍ አለበት እንበል። 180 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ 99 ሚሊ ሜትር ያህል ላስቲክ አለ ማለት ነው። «አር» ራዲያል መሆኑን፣ 17 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያሳያል። 73 የጭነት ቁጥር ነው፤ ትርጉሙም 365 ኪሎ ግራም። በቅንፍ የታጠረችው «ደብልዩ» ደግሞ ጎማው በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሮጥ መሠራቱን ታስታውቃለች። ልምድ ያለው ጎሚስታ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ራቅ ብለው የተጻፉትን አራት አኃዞች ነው። 2423 የሚል ካገኘ ጎማው የተሠራው በ2023 በ24ኛው ሳምንት ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። አንድም ኪሎ ሜትር ያልሄደ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ነገር ግን ዓመታት አልፈውት የደረቀ ጎማ በቅናሽ ሲሸጥ አይታችሁ ከሆነ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ከእነዚያ አራት አኃዞች ታገኙታላችሁ።

የስፋቱ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1994 ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፋት ዱካቲ 916 ስትወጣ የኋላ ጎማዋ 190/50 ነበር። ታናሽ እህቷ 748 ያንኑ ሻሲና ያንኑ መልክ ይዛ መጣች፤ ጎማዋ ግን 180/55 ሆነ። በጉልበት ትልቋ ትበልጣለች። ኩርባ ላይ ቀልጠፍ ብላ የምትታጠፈው ግን ትንሿ እንደሆነች ብዙ ነጂዎች መስክረውላታል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጎማ ነው። ስሌቱን ለራሳችሁ ሥሩት። የ190/50 ጎን ቁመቱ 95 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ180/55 ደግሞ 99። ሰፊው አጭር፣ ጠባቡ ረጅም ሆኖ ተገኘ። ሰፍቶ ያጠረ ጎማ ጀርባው ጠፍጠፍ ስለሚል ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ ጀርባው ከፍ ብሎ የተነሣው በትንሽ ግፊት ወደ ጎን ይተኛል። ሰፊ ጎማ አምሮ የሚታየው ከኋላ ለሚከተል ሰው ነው። መሪውን የያዘው ሰው ከዚያ ውበት የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጎማዎች መስፋታቸውን አልተዉም፤ ግን ቁመታቸው የበለጠ አደገ። በ2012 የዱካቲ 1199 ፓኒጋሌ የኋላ ጎማ 200/55 ሆነ። በ2018 ፓኒጋሌ ቪ4 በ200/60 መጣች። ከ916 ጋር ስናስተያያት ስፋቱ የጨመረው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን የጎኑ ቁመት ግን ከ95 ወደ 120 ከፍ ብሏል። ይህ 25 ሚሊ ሜትር ቁም ነገር አለው። ሞተሩ ኩርባ ውስጥ በጣም ባጋደለ ጊዜ፣ ነጂው ነዳጅ መስጠት በሚጀምርባት በዚያች ቅጽበት፣ መሬት የሚይዘው የጎማ ገጽ በዚህ ምክንያት ሰፋ ይላል። ከሁለት መቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ማሽን አስፋልቱን የሚነካው ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ነው። የጎማ ሠሪዎች ድካም በሙሉ በዚያች መዳፍ ላይ ነው።

የዚህ ጥበብ አንዱ ትልቅ ቤት ፒሬሊ ነው። ጆቫኒ ባቲስታ ፒሬሊ በ1872 በሚላኖ አቋቋመው። በ1986 ሜትሰለር የተባለውን የጀርመን ጎማ ሠሪ ገዛ። ከዚያ ወዲህ በጀርመን ብሮይበርግ ከተማ ያለው ፋብሪካው ለሞተር ሳይክል ጎማው ዋና መሥሪያ ሆነ። እንግዲህ ቦሎኛ የምትሠራውን ዱካቲ ከጣሊያን መሬት ጋር የሚያገናኛት የሚላኖ ስም የተጻፈበት የጀርመን ሥራ ነው፤ ጣሊያኖቹም በዚህ ቅር ሲላቸው አልሰማሁም። በዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ከ2004 ጀምሮ ለሁሉም ተወዳዳሪ ጎማ የሚያቀርበው ይኸው ቤት ብቻ ነው። ሻምፒዮናው የሚካሄደው ከሱቅ በሚገዙ ሞተሮች መሠረት ላይ በተሠሩ ማሽኖች ስለሆነ እዚያ የተማሩት ነገር ወደ ሱቁ ለመምጣት መንገዱ አጭር ነው።

ከጥርሱ ሥር ምን አለ? ከላስቲኩ በታች ቀጭን የብረት ክር አለ። ክሩ በጎማው ዙሪያ፣ ጎማው በሚሽከረከርበት አቅጣጫ፣ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው ይጠመጠማል። ባለሙያዎቹ «ዜሮ ዲግሪ» ይሉታል፤ ክሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዘነብልምና። ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ወደ ውጭ መለጠጥ ይፈልጋል። ይህ ጥምጥም ያዝ ያደርገዋል፤ እርስ በርስ እንደሚቋረጡት የቀድሞ ድርብ ንጣፎች ክብደት አይጨምርም፣ ሙቀትም አያበዛም። ሜትሰለር አንድ እርምጃ ሄዶ ክሩ የሚወጠርበትን ኃይል ከቦታ ቦታ ይለዋውጠዋል። መሐሉ አንድ ዓይነት፣ ትከሻው ሌላ ዓይነት ውጥረት አለው። ስለዚህ አንዱ ላስቲክ ቀጥታ መንገድ ላይ ጠንከር ብሎ፣ ኩርባ ላይ ለስለስ ብሎ ይሠራል። ከውጭ የሚታይ ምንም ምልክት የለውም። ዐይን ሊያየው የማይችለውን ልዩነት እየተጠነቀቁ መጠምጠም ነው እኔ ጥሩ ሥራ የምለው።

ላስቲኩም አንድ አይደለም። ጥቁር ያደረገው ካርቦን ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ሲሊካ ደግሞ በብርድና በዝናብ መሬት እንዲይዝ ያግዘዋል። በኋላ ጎማ ላይ መሐሉ ጠንከር ካለ ውሕድ፣ ሁለቱ ዳሮች ለስላሳ ከሆነ ውሕድ ይሠራሉ። ሚሽሊን በ2005 «ፓይለት ፓወር 2ሲቲ» በተባለው ጎማው ይህን ስልት ለመንገድ ነጂ አቅርቦ ነበር፤ ዛሬ የተለመደ ነገር ሆኗል። ጎማው አዲስ ሳለ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በጣት ዳብሰውም አይገኝም። ሲያልቅ ግን አንዳንዴ ቀጭን መስመር ሆኖ ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ጎሚስታው እንሂድ። 916ን ያስወደዳት አንዱ ነገር የኋላ እግሯን የሚይዘው ክንድ ነጠላ መሆኑ ነው። ነጠላ ክንድ የመጣው ከረጅም ሰዓት ውድድር ነው፤ ሰንሰለት ሳይነካ ቸርኬ ለመቀየር። በ2003 ዱካቲ 999ን በባለ ሁለት ክንድ ስታወጣ ገዢው አኮረፈ፤ በ2007 በ1098 ላይ ነጠላው ክንድ ተመለሰ። አንዱን ትልቅ ዳዶ በ55 ቁልፍ መፍታት፣ ቸርኬውን ወደ ጎን መሳብ፣ በቃ። ማጥበቁ ግን ቀልድ አይደለም፤ 230 ኒውተን ሜትር ስለሚፈልግ ረጅም እጀታ ያለው የኃይል መለኪያ ቁልፍ ያስፈልጋል፣ መጨረሻ ላይም መያዣዋን ሽቦ ወደ ቦታዋ መመለስ ግድ ነው። የዚህ ቸርኬ መሐል ቀዳዳ ትልቅ በመሆኑ በተራ ሚዛን ማውጫ ላይ አይቀመጥም፤ ልዩ ማቀፊያ የሌለው ጎሚስታ በግምት ሊሠራው ሲሞክር ካያችሁ ቸርኬያችሁን ተቀበሉት። ጎበዙ ደግሞ ያስታውቃል። ማርኬዚኒ የሚሠራውን የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ቸርኬ እንዳይጭር ጠርዙን በፕላስቲክ ይሸፍናል፤ የጎማውን ከንፈር በሳሙና ያርሳል፤ የመሽከርከሪያ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት ሁለት ጊዜ ያያል፤ ንፋስ ሲሞላ ከንፈሩ «ጧ» ብሎ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪቀመጥ ዐይኑን አይነቅልም።

አዲስ ጎማ ገጽታው ያንሸራትታል። መጀመሪያ ላይ ነጂው ቀስ እያለ በየጎኑ እያጋደለ ሊያላምደው ይገባል። ከዚያ ጀምሮ ጎማው መጻፍ ይጀምራል፤ የሰው አረማመድ ከጫማው ተረከዝ እንደሚታወቅ የነጂም ጠባይ ከጎማው ይነበባል።

ከሚላኖ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሞተረኛ በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ፣ ኤ1 በሚባለው አውራ ጎዳና፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ነድቶ ቦሎኛ ይደርሳል። ይህን ጉዞ ያዘወተረ ሰው የኋላ ጎማው መሐሉ ይበላል፤ ክቡ ጀርባ ጠረጴዛ መስሎ ይቀራል። ነጂው ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ አያስተውለውም። ከቦሎኛ አልፎ ወደ ፊሬንዜ በሚሄደው የጥንቱ የተራራ መንገድ 968 ሜትር ከፍታ ያለውን ራቲኮዛንና 903 ሜትር ያለውን ፉታን ሲወጣ ግን ሂሳቡ ይመጣል። ሞተሩ መጀመሪያ አልተኛም ይላል፤ ከዚያ የጠፍጣፋው ጠርዝ ሲታለፍ ድንገት ይወድቃል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጥፋቱን አሞርዛተሩ ላይ ያሳብባሉ። አሞርዛተሩ ምንም አላደረገም።

ራቲኮዛ ላይ ቅዳሜና እሁድ ሞተረኞች ቡና ለመጠጣት ይቆማሉ። ወሬያቸው ስለ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ዐይናቸው ግን የጎረቤታቸውን የኋላ ጎማ ዳር እያየ ነው። ዳሩ ላይ ያልተነካ አንጸባራቂ ላስቲክ የቀረበት ሰው እንደ ፈሪ ይቆጠራል። ይህ ልማድ አይጥመኝም። በሰው መንገድ ላይ፣ ከኩርባው ማዶ ትራክተር ይምጣ መነኩሴ በማይታወቅበት ስፍራ፣ ዳር ላይ ሁለት ጣት ያልተነካ ላስቲክ ማስቀረት የአእምሮ ምልክት ነው። የፊት ጎማው ይልቅ የበለጠ ይናገራል። እሱ የሚበላው በፍሬንና ወደ ኩርባ በመግባት ስለሆነ ከመሐሉ ይልቅ ጎንና ጎኑ ያልቃል፤ የቦዮቹ ጠርዝም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል። ሲያረጅ ድምፅ አያሰማም፤ መሪው ቀስ እያለ ይከብዳል።

ከፉታ ማዶ ሙጄሎ አለ፣ የ5.245 ኪሎ ሜትር የውድድር ሜዳ። እዚያ ጎማ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ሞቆ ነው የሚወጣው፤ ንባቡም ሌላ ነው። በትክክል የሠራ ጎማ ገጹ ደብዘዝ ብሎ በአሸዋ ወረቀት እንደተፈተገ በአንድ ልክ ይሻክራል። ትልልቅና ጠለቅ ያሉ ስንጥቆች ከታዩ ውስጡ ሳይሞቅ ገጹ ተጎትቷል። ዳሩ ላይ የቀለጠ መሳይ ጥቅልል ከተከመረ ደግሞ ሙቀቱ ከልክ አልፏል፤ ብዙ ጊዜ ንፋሱ ወይም ሞላው መታረም አለበት።

ምርጫው ላይ ነው ሰው የሚስተው። ፒሬሊ ሱፐርኮርሳ ዳር ዳሩ ቦይ የሌለው፣ ሲሞቅ መሬት የማይለቅ ድንቅ ጎማ ነው፤ ትልልቆቹ ፓኒጋሌዎችም ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ። ግን ሙቀት ይፈልጋል። በኅዳር ጠዋት በአፔኒን ተራራ ጥላ ሥር፣ እርጥብ ቅጠል በረገፈበት አስፋልት ላይ፣ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከየት ያገኛል? ለእንዲህ ዓይነት መንገድ የዚያው የፒሬሊ ዲያብሎ ሮሶ 4 ወይም የእሱ መሰል ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃ ያወጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በየሳምንቱ ኤ1ን የሚያቋርጥ ደግሞ ከእሱም ዝቅ ብሎ የረጅም ጉዞ ጎማ ቢገዛ ሞተሩ አይቀየመውም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ዱካቲ በ2008 በ1098 አር ላይ የኋላ እግር መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ካስገባች ወዲህ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የጎማ ልክ መቀየር የኮምፒውተሩን ስሌት ይነካል። አዳዲሶቹ ፓኒጋሌዎች ጎማ ሲለወጥ እንደገና የሚያለማምድ አሠራር አላቸው፤ የአሮጌዎቹ ባለቤት በፋብሪካው ልክ ቢጸና ይሻላል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ለመንገድ ነጂ ከሱፐርኮርሳ ሮሶ ይበልጣል። ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ትክክለኛ ንፋስ ነው። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሲለወጥ የጎማው ንፋስ በ0.1 ባር ያህል ይለወጣል፤ ስለዚህ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ቀጣዩን ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ደህና የንፋስ መለኪያ ግዙ፤ ዋጋው ከጎማው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።