በዚህ ዓመት ስላነበብናቸው መጻሕፍት

ገበሬ አውድማውን ጠርጎ የዓመቱን እህል እንደሚሰፍር፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰውም በዓመቱ መጨረሻ ያነበበውን አበጥሮ ፍሬውንና ገለባውን ለወዳጆቹ ቢነግር የተገባ ነው። እኛም በደብረ ታቦር፤ ይልቁንም በክረምት የጉና ጉም ከቤት በሚያውለን ጊዜ፤ ካነበብናቸው ጥቂቶቹን አንሥተን የመሰለንን እንናገራለን። ከእነዚህ አብዛኞቹ የቈዩ ናቸው። ነገር ግን መጽሐፍ እንደ ጠላ ሰንብቶ አይሆመጥጥምና አንባቢ በዚህ ቅር እንዳይለው እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ አገራችን ሰው ስለ አለቃ ገብረ ሐና። የአለቃን ቀልድ የሰበሰቡ ትንንሽ መጻሕፍት በየገበያው ይሸጣሉ፤ ሦስቱን ገዝተን አነበብን። መሳቃችንን አንክድም። ከሳቁ በኋላ ግን ኀዘን ተከተለ። አለቃ በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው በጎንደር ከሊቃውንቱ ጉባኤ የተቀመጡ ባለቅኔ ናቸው። የደብረ ታቦር ኢየሱስ የሚመሰገንበት የተክሌ አቋቋምም ከእርሳቸው ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ ስም እንደ ተጠራ በአድባራታችን የታወቀ ነው፤ መቋሚያው ግራና ቀኝ ሲል የጣናን ማዕበል ያየ ሰው ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ አይጠፋውም። እንዲህ ያለው ሊቅ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሲሳለቅና ሲበላ ሲጠጣ ብቻ ይገኛል። ሰብሳቢዎቹ ቀልዱን ከማን እንደ ሰሙት፤ በማን ፊትና በምን ምክንያት እንደ ተነገረ አይጽፉም። አንዱን ቀልድ በአንደኛው መጽሐፍ በጎንደር፤ በሁለተኛው በእንጦጦ፤ በሦስተኛው ስም በሌለው ስፍራ ተነግሮ አገኘነው። ከዚህም የሚብሰው ሰሙን ጽፈው ወርቁን መተዋቸው ነው። የአለቃ ቀልድ ኅብረ ቃል ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ሆኖ ካልተፈታ ከስድብ አይለይም። የማያውቅ ልጅ አንብቦ አለቃን ተሳዳቢ ሽማግሌ አድርጎ ቢቀር ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት የሚፈልግ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ያንብብ። መንግሥቱ ለማ የአባቱን ቃል በድምፅ መቅረጫ ቀድቶ፤ እንደ ተነገረ አድርጎ ጽፎ በ1959 ዓ.ም. ያወጣው ነው። የተማሪ ቤት ኑሮ፤ የሊቃውንቱ ክርክርና ጨዋታ፤ የነገሥታቱ ዘመን ወሬ በአንድ ሽማግሌ አንደበት ይፈስሳል። ወሬው ይዘልላል፤ አንዱን ጀምሮ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሥርዓት የለውም ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኛ ግን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ባነበብነው ጊዜ ትንፋሹ ተሰማን፤ ቢያስተካክሉት ኖሮ ይህ ትንፋሽ በጠፋ ነበር። ልጁ የአባቱን ጨዋታ አላስቀረም፤ ሊቅነቱንም አልሰወረም፤ ሁለቱ ባንድነት ተቀምጠዋል። ለአለቃ ገብረ ሐና እንዲህ ያለ ጸሐፊ አለመገኘቱ ያስቈጫል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዳግመኛ አነበብነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ ብዙ ሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ ሰምቶ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው ይላል። ነው፤ ግን ከዚህም ይልቃል። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ ስለቱና ፍቅሩ በአንድ ልብ ውስጥ ይከራከራሉ። አንዳንድ አባቶች የቅኔ ተማሪን በሴት ፍቅር ማስያዝ ነውር ነው ሲሉ ሰምተናል። በዚህ አንስማማም፤ ደራሲው በስለቱ አልቀለዱም፤ የሚከፈለውን ዋጋ እስከ መቃብር ድረስ አስከፍለዋልና። ደግሞ ጉዱ ካሣን ተመልከቱ። በመኳንንቱ ላይ ከሁሉ የመረረውን ነቀፋ የሚናገረው ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ነው። የአብነት ትምህርት ሰውን አንገት መድፋት ብቻ ያስተምራል የሚሉ ሰዎች ለዚህ መልስ ይፈልጉለት። ነቀፋ ካስፈለገ ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ጉዱ ካሣ ረዘም አድርጎ ሲናገር አንዳንድ ጊዜ ደራሲው ከኋላው ቆመው ቃል ሲያቀብሉት ይሰማል።

ከአለቃ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ደስ ያለን አማርኛው ነው። የነገሥታት ታሪክ በግዕዝ ይጻፍ በነበረበት ዘመን አለቃ በሚነገረው ቋንቋ ጻፉ፤ የጀርመኑ ሊቅ ሊትማንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 በአሜሪካ በፕሪንስተን አሳተመው። ጽሑፉ ከመንገድ ላይ ይቆማል፤ ሴባስቶፖል በጋፋት እስኪሠራ አያደርሰንም።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ማንበብ ሳይሆን መቆፈር ነው የሚባለው። ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ይህ መጽሐፍ ግዕዝን በአማርኛ ይፈታል፤ ዲልማን በ1865 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው በላቲን ስለ ሆነ ለእኛ ተማሪ አይደርስም ነበር። ፊደሉን በአበገደ መደርደሩ በሀለሐመ የለመደውን ያደክማል፤ አለቃ ግን ምክንያታቸውን ጽፈዋልና ከመነቀፉ በፊት ይነበብላቸው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚበላ ምግብ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ የሚደግም ባለቅኔ ያፍራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ መጻፉን አይወዱም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን ከጠላት ወረራ በፊት የቀደምት ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ባያሳትሙ ብዙው ከባለቤቶቹ ጋራ በተቀበረ ነበር። እኛ የሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃናም ሆነ የስምንት ቤቱን መወድስ መጻፍ ይገባል ባዮች ነን፤ የባለቅኔው ስም፤ ደብሩ፤ ዕለቱና ምስጢሩ አብሮ ሲጻፍ ብቻ ግን። ይህ ከሌለ በአለቃ ገብረ ሐና የደረሰው በሌላውም ይደርሳል። በነሐሴ 13 በበዓለ ደብረ ታቦር የሚዘረፈውን የሚጽፍ ደብተራ ካለ ለዚህ ገጽ ይላክልን።

ለሚመጣው ዓመት የይፋጉን ሰው የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ይዘናል፤ የቀድሞው ዕትም በእጁ ያለ ወንድም ቢያውሰን በሰሙነ ሕማማት ሳይሆን በጥቢ እንመልስለታለን።