“ሲስተሙ ነው እምቢ ያለኝ”

“ፔፐርስ፣ ፕሊዝ” የሚባለውን ጨዋታ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው የሚሉኝ ሁሌም አንድ ነው፦ “ይሄማ ሥራ ነው እንጂ ምን ጨዋታ ነው?” አልፈርድባቸውም። መኪና አይነዳበትም፣ ጎል አይገባበትም፣ ተኩስም እምብዛም የለበትም። ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጣችሁ የሰው ፓስፖርት ታያላችሁ፣ አረንጓዴ ወይ ቀይ ማህተም ትመታላችሁ፣ “ቀጣይ!” ትላላችሁ። በቃ። ፕሌይስቴሽን ቤት ፊፋ እየተጫወተ ላደገ ልጅ ይሄ ከመዝናኛ ይልቅ ቅጣት ነው የሚመስለው።

እኔ ግን እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። ቀን ቀን የምሠራው ፎርም ነው፤ ሰዎች ስማቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውን፣ ስልካቸውን የሚሞሉበትን ገጽ፣ ከጀርባውም “ይሄ ያልፋል፣ ያ አያልፍም” የሚለውን ኮድ። ስለዚህ ይሄን ጨዋታ ስጫወት የሥራ ዓይኔን አውልቄ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለእኛ ሙያ የሚናገረው ነገር ግን ገና አላለቀም ባይ ነኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ። ጨዋታውን የሠራው ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ኖቲ ዶግ በተባለው ትልቅ የጌም ስቱዲዮ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ጃፓን እየኖረ ይሄኛውን ለብቻው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 አወጣው። በ2014 የእንግሊዙን የባፍታ ሽልማት አግኝቷል። ሐሳቡ የመጣለት በየኤርፖርቱ ፓስፖርቱን ሲያስመረምር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በኖቬምበር 1982፣ አርስቶትዝካ በምትባል የፈጠራ አገር ነው። አገሪቱ ከጎረቤቷ ጋር ለ6 ዓመት ተዋግታ ድንበሯን ከፍታለች። እናንተ ደግሞ የሥራ ሎተሪ ደርሷችሁ የድንበር ተቆጣጣሪ ሆናችኋል። ቤት ውስጥ ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉ። በትክክል ባስተናገዳችሁት ሰው ልክ ለእያንዳንዱ 5 ክሬዲት ይከፈላችኋል። ማታ ማታ ከዚያችው ላይ ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ፣ መድኃኒት ይወጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሕጉ አንድ ነው፦ ዜጋ ይግባ፣ የውጭ ሰው ይመለስ። በሁለተኛው ቀን የውጭ ሰውም ፓስፖርት ካለው ይገባል። በሦስተኛው የመግቢያ ቲኬት ያስፈልጋል። ከዚያ የመግቢያ ፈቃድ፣ መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የክትባት ካርድ እያለ ይቀጥላል። ማለዳ ማለዳ አዲስ መመሪያ ይመጣል። ወረቀቱ ይጨምራል፤ ጠረጴዛዋ ግን ያችው ናት። ሰነዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ፣ የሕጉ መጽሐፍ የፓስፖርቱን ፎቶ ይሸፍነዋል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሰልፉ አይቀንስም። ይባስ ብሎ ሥራውን የሚያፋጥን አቋራጭ ቁልፍ ሲያስፈልጋችሁ ከገዛ ደሞዛችሁ ነው የምትገዙት! የጨዋታው ጭካኔ ሁሉ ያለው በዚች ጠረጴዛ ስፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም “ጨካኝ ሁን” አላላችሁም። የሰውየውን ፊት ረጋ ብላችሁ ለማየት የሚበቃ ቦታና ጊዜ ብቻ ነው የተነፈጋችሁ።

ደሞ ያስደስታል፤ ይሄ ነው የሚያስፈራው። የሁለት ሰነድ ቁጥር እንደማይመሳሰል ስታዩ፣ የከተማው ስም መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ስትይዙ፣ ለሳምንት ያስቸገረ ባግ እንዳገኘ ፕሮግራመር ነው የሚያደርጋችሁ። ያ “ባግ” ግን ሻንጣ ይዞ መስኮቱ ሥር የቆመ ሰው ነው። አንድም ጥፋት ሳይመዘገብባቸው ጨዋታውን ለመጨረስ የሚጥሩ ተጫዋቾች አሉ። በጌመሮች ዘንድ ይሄ የችሎታ ምልክት ነው፤ አሪፍ ተጫዋች ማለት ምንም የማያመልጠው ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በአርስቶትዝካ ሚዛን አሪፍ ተጫዋች ማለት አሪፍ ተቆጣጣሪ ማለት ነው። እኛም ቢሮ ውስጥ “በዚህ ስፕሪንት ስንት ቲኬት ዘጋህ?” ስንባባል ቲኬቱ ውስጥ ማን እንዳለ አይነሳም።

ከዚያ አንድ ባልና ሚስት ይመጣሉ። የባልየው ወረቀት ሙሉ ነው፣ ያልፋል። ሲያልፍ ግን ከኋላው ያለችው ሚስቱ መሆኗን ተናግሮ እንድታዝኑላት ይለምናችኋል። ሚስትየዋ ትቀርባለች፤ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ትመለስ። አረንጓዴው ማህተም ግን እጃችሁ ላይ ነው። ብታሳልፏት ትንሿ ማተሚያ ወዲያው ተንጫጭታ የጥፋት ወረቀት ትተፋላችኋለች። በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማስጠንቀቂያ ብቻ ናቸው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ክሬዲት ይቆረጣል። እንዲህ ሲሆን ምሕረት ዋጋ ይወጣለታል። አንዳንዴ በነጻ ነው፣ አንዳንዴ 5 ክሬዲት ነው፣ አንዳንዴ የልጃችሁ መድኃኒት ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ጨዋታ ስለ አምባገነን መንግሥት የተሠራ አድርጎ ነው የሚያየው። ስህተት አይደለም። እኔን ግን ደጋግሜ ስጫወተው ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ በአርስቶትዝካ ሕግ መጣስ ይቻላል። ማህተሙን የሚያነሳው የሰው እጅ ነው። እጁ ሊቀጣ ይችላል፣ ግን አልታሰረም። እኛ በምንሠራቸው ፎርሞች ላይ ይሄ የለም። ቀይ ኮከብ ያለበት ሳጥን ካልተሞላ “ቀጥል” የሚለው ቁልፍ ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ 5 ክሬዲት ብቻ ሳይሆን የወር ደሞዟን ልክፈል ብትል እንኳ ቁልፉ አይበራላትም። ከ1982ቷ አርስቶትዝካ ይልቅ የኛ ፎርም ነው ለሰው ፍርድ ቦታ ያልተወው።

እናቴ ፀሐይ ትባላለች። ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሰነዷ መጨረሻው “ዋይ” ነው፣ በሌላው “አይ”። የተወለደችው ጥር 1954 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ ወረቀት ላይ ግን 1954 እንዳለ የፈረንጅ ዓመት ተደርጎ ተጽፎ 8 ዓመት አስረጅቷታል። ጉዳይ ልታስፈጽም የሄደችበት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ እናቴን አየቻት፣ ሁለቱንም ወረቀት አየች፣ የአንድ ሰው መሆናቸው አላጠራጠራትም። “ይቅርታ እማማ፣ እኔማ ገብቶኛል፤ ሲስተሙ ነው እምቢ ያለኝ” አለቻት። እናቴ ቤት ስትመለስ እኔን ያዘችኝ። “አንተ ሲስተም አይደል እንዴ የምትሠራው? እምቢ ያለው ሰውዬ ማነው፣ አታናግርልኝም?”

ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄዋ ግን የዋህ አልነበረም። “ሲስተም የለም”፣ “ሲስተሙ እምቢ አለ” ስንል ስለ ዝናብ የምናወራ ነው የሚመስለው፤ ከላይ የመጣ፣ ማንም ያላዘዘው። እምቢ ያለው ሰውዬ ግን በእርግጥ አለ። የሆነ ቀን፣ የሆነ ቢሮ፣ አንድ ሰው “ሁለቱ ስሞች ፊደል በፊደል እኩል ካልሆኑ አቁም” የሚል አንድ መስመር ኮድ ጽፏል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮምፒውተር ፀሐይንም ጸሀይንም መጻፍ ይችላል። አንድ ስም መሆናቸውን ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም። የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ፣ ጳጉሜን የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ ባለው ዝርዝር ውስጥ ወሩን እንደማያገኝ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ካልነገረው አያውቅም። ጨዋታው ውስጥ እኮ የስም ልዩነት ሲገኝ ተቆጣጣሪው አሻራ ወስዶ ሰውየው በሌላ ስም ይታወቅ እንደሆነ ያጣራል። አርስቶትዝካ እንኳ አንድ ሰው ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል ገብቷታል!

እዚህ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሱት መልስ አለ፣ ጠንካራም ነው። “ሠራተኛው በራሱ ፍርድ እንዲያሳልፍ ከፈቀድክለት ጉቦ ትከፍታለህ። ኮምፒውተሩ ድርቅ ያለው ለዚህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው የለውማ።” በዘመድና በሻይ መጠጫ ጉዳይ ሲያልቅ ላየ ሰው ይሄ ባዶ ክርክር አይደለም። ድሃ ሰው ከባለ ማህተሙ ፊት ይልቅ ከማሽን ፊት እኩልነት ያገኘበት ጊዜ አለ።

ጨዋታው ግን ይሄንንም ቀድሞ አስቦበታል። እዚያ ሕጉ ድርቅ ያለ ነው፤ ጉቦ ግን አልጠፋም። አንዱ ጠባቂ ሰው በታሰረ ቁጥር ጉርሻ ስለሚያገኝ፣ ብዙ ሰው ካሳሰራችሁለት ሊያካፍላችሁ ይስማማል። ልጃችሁ ታሞ፣ ማሞቂያው ተቋርጦ ሳለ ይሄን ሐሳብ ገፋ ማድረግ ቀላል አይደለም። ማለትም ጉቦ የሚገባው በሠራተኛው ነጻነት በኩል ብቻ አይደለም፤ በጭንቅላት ተቆጥሮ በሚከፈል ደሞዝና በባዶ ሆድ በኩልም ይገባል። የተሻለውን መንገድም ያችው ትንሿ ማተሚያ ታሳየናለች። ተቆጣጣሪው ሕጉን መጣስ ይችላል፣ መጣሱ ግን ይመዘገባል። ወደኛ ሥራ ስናመጣው ይሄ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። “ልዩ ሁኔታ” የሚል ቁልፍ፣ ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን፣ የሚያጸድቅ ሁለተኛ ሰው፣ ማን መቼ እንዳሳለፈ የሚያስቀር መዝገብ። ይሄ ሁሉ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ዴድላይን ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱው ነው፤ ምክንያቱም ለደንበኛው ዴሞ ስናሳይ ስሙ የማይገጥም ሰው አይመጣም።

ጨዋታውን የምተችበትም ቦታ ይሄው ነው። ተቆጣጣሪውን በደንብ እናውቀዋለን፣ ሰልፈኞቹን እናውቃለን፣ ጠባቂዎቹን እናውቃለን። ማለዳ ማለዳ መመሪያውን የሚጽፈውን ሰው ግን አንድም ቀን በሥራው ላይ አናየውም። ላይ የሆነ ቦታ ያለ ፊት የለሽ ክፋት ሆኖ ነው የሚቀረው። ግራጫው ቀለም፣ ከባዱ ሙዚቃ፣ የ1982 ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ ተጨምሮበት፣ ተጫዋቹ “ይሄ የዚያን ጊዜ፣ የእነዚያ ሰዎች ነገር ነው” ብሎ እፎይ እንዲል መንገድ ይከፍትለታል። የዛሬው መመሪያ ጸሐፊ ግን ጂንስ ለብሶ፣ ማኪያቶውን ይዞ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ የተቀመጠ ጥሩ ልጅ ነው። ማንንም አይጠላም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ግን ተቀምጦ አያውቅም፤ ሰልፉንም አይቶት አያውቅም። እሱን የሚያሳይ ጨዋታ ቢሠራ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

እስከዚያው “ፔፐርስ፣ ፕሊዝ”ን በተለይ ለሙያ ጓደኞቼ እመክራለሁ። ከ2022 ጀምሮ በስልክም ይሠራል፤ ኃይለኛ ኮምፒውተር አይፈልግም። ለውጤት አትጨነቁ። ባልና ሚስቱ እስኪመጡ ጠብቁና እጃችሁ ወደየትኛው ማህተም እንደሚሄድ እዩት። ሰኞ ሥራ ስትገቡ ደሞ የሠራችሁትን ፎርም ክፈቱና የእናታችሁን ስምና የትውልድ ቀን ወረቀቷ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉበት።