የኬሚካል እኩልታን ስለ ማመጣጠን፤ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ትችት

በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የ9ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ እኩልታን ለማመጣጠን ካቀረባቸው መንገዶች አንዱ በትንሹ የጋራ ብዜት የሚሠራው ነው። አሉሚኒየም ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሲሆን 3፣ 4 እና 6 የሚሉ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 12 ይሆናል፤ 12 ለየራሳቸው ሲካፈል 4፣ 3 እና 2 ይገኛል፤ እኩልታውም ተመጣጠነ ይባላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን 12 የምን ቁጥር ነው? ከአሉሚኒየም ወደ ኦክሲጅን የሚተላለፉት ኤሌክትሮኖች ብዛት መሆኑን ያልተረዳ ተማሪ ያካፈለው ቁጥርን ብቻ ነው።

መንገዱ ጥቅም እንዳለው ልንመሰክርለት ይገባል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በቤቱ ኽምጥኛ በገበያ አማርኛ የሚናገር ልጅ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ኬሚስትሪን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ሲከብደው ምልክቱና ቁጥሩ ይታደጉታል፤ ይህን ስሌት ቢወድደውም አይፈረድበትም። ሆኖም የፈተና ማለፊያ የሆነው መሣሪያ ከዕውቀት መሸሻም ሊሆን ይችላል። መዳብ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ገብቶ ሃይድሮጅን ይለቃል የሚል እኩልታ በወረቀት ላይ ያለ አንዳች እንከን ይመጣጠናል፤ በብርጭቆው ውስጥ ግን ሃይድሮጅን አይወጣም።

ፈረንሳዊው ላቯዚዬ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቁስ መጠን ከለውጥ በፊትና በኋላ እኩል ነው የሚለውን ሐሳብ ያብራራው የወይን ጠጅ መፍላትን በሚናገረው ምዕራፍ ነው። ዋግ ደግሞ የማር አገር ነው። ማሩ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት በጋን ሲፈላ የሚሆነውም ያው ነው፤ ከ180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። ይኸውም ከስኳሩ ክብደት ግማሽ የሚጠጋው በጋኑ አፍ ያመልጣል ማለት ነው። (እርሾው ለራሱ ዕድገት ከስኳሩ ጥቂት ስለሚወስድ፣ በእውነተኛው ጋን ቁጥሩ እንዲህ ልክ አይመጣም።) ጠጅ ሲጣል ያየ ልጅ አረፋውን ያውቀዋል፤ ክብደት እንዳለው ግን ማን ነገረው?

የለውጥ ዓይነቶችም አከፋፈል እንዲሁ ነው፤ ውሕደት፣ መበታተን፣ መተካት፣ እጥፍ መተካካት ተብለው በአራት ይመደባሉ። ከብርዙ የሚወጣውን ጋዝ በቱቦ ወደ ኖራ ውሃ ብናስገባው ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ገብተው ካልሲየም ካርቦኔትና ውሃ ወጡ። ከአራቱ የትኛው ነው? ውሕደት እንዳይባል የወጡት ሁለት ናቸው፤ መተካት እንዳይባል ነጻ ኤለመንት የለበትም፤ እጥፍ መተካካት እንዳይባል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለዋወጠው አዮን የለውም። ተማሪው በዚህ ላይ ቢከራከር አራቱን ስም በቃል ከማጥናት የበለጠ ይማራል። ለሙከራው ጠርሙስ፣ የጎማ ቱቦ፣ ጥቂት ማርና ኖራ ይበቃል፤ ሙሉ ላቦራቶሪም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ከማመጣጠኑ ምዕራፍ አስቀድሞ ቢቀመጥ እንመርጣለን።