የዶሮ ቤት እኮ ይሄዳል!

እናንተዬ፣ ጉድ ስሙ! የዶሮ ቤት በጎማ ይሄዳል! ዛሬ ጓሮው ጥግ፣ ነገ ጎመኑ አጠገብ፣ ከነገ ወዲያ አጥሩ ሥር! ይህን ሳላውቅ እንዴት ኖርኩ?

አሠራሩ እንዴት ቀላል መሰላችሁ! 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው የሞራሌ ሳጥን ነው በቃ። ለአራት ዶሮ ይበቃል። ወለል የለውም! ሣሩ ራሱ ወለል ነው! ግማሹን ቆርቆሮ፣ ግማሹን ጠንካራ የሽቦ ወንፊት አለበስነው። ከቆርቆሮው ሥር ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ አለ፣ ከቆጡ ጎን የእንቁላል መጣያ ሳጥን። የሳጥኑ ክዳን ደግሞ በውጭ በኩል ይከፈታል! እጃችሁን ሰደድ ማድረግ ነው፤ ትኩስ እንቁላል መዳፋችሁ ላይ!

ጎማው ግን! እኔን ያሳበደኝ ጎማው ነው! ሁለት የጋሪ ጎማ ከኋላ፣ ሁለት እጀታ ከፊት። የሰፈራችን በያጅ ጎማዎቹን ከኋላው ጠርዝ ወጣ አድርጎ ገጠማቸው። እጀታውን ስታነሱት ቤቱ በሙሉ ብድግ! ስትለቁት ከሣሩ ጋር ልጥፍ! ክፍተት የሚባል የለም። ሸለምጥማጥ ሌሊቱን ሙሉ ቢዞረው መግቢያ አያገኝም! ጭላትም ቀን ከላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ወንፊቱን አይታ ትሄዳለች!

ዶሮዎቹማ ለምደውታል! ጠዋት ጎማው ሲጥ ሲል ገና ይንጫጫሉ። ገብስማዋ ሁልጊዜ ከፊት ናት፣ ከቤቱ ጋር እኩል ትራመዳለች። አዲሱ ሣር ላይ ስትደርስ ባያችኋት! አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ መሬቱን ታጠናለች። ከዚያ ጫር፣ ጫር! አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ኮት! ፌንጣ! ዛጎልማዋ ልትቀማት ትሮጣለች፣ ገብስማዋ ፌንጣውን በአፏ ይዛ ትሸሻለች፣ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል! ቡናዬን ይዤ እዚያው ቁጭ እላለሁ፣ መነሣት ያቅተኛል!

ሽታስ? የለም! ኩሱ በየቀኑ አዲስ ቦታ ላይ ስለሚወድቅ አይከማችም፣ ዝናቡ ወደ አፈር ያስገባዋል። ትተውት የሄዱት ቦታ ላይ ሣሩ እንዴት ለምልሞ እንደሚመለስ! ልምላሜው ዓይን ይስባል!

እንቁላሉን ሰብራችሁ እዩልኝ! አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም በቀጥታ አስኳሉ ውስጥ ይገባል። አስኳሉ ብርቱካናማ ነው፣ ወፍራም ነው፣ መጥበሻው ላይ ጉብ ብሎ ይቆማል! በንጥር ቅቤ፣ በቃሪያ ጠብሳችሁ በትኩስ ዳቦ ጥርግ! አቤት ጣዕሙ!

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጆኤል ሳላቲን የሚባል ገበሬ አለ። የሥጋ ዶሮዎቹን ወለል በሌለው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ባለው ቤት አስገብቶ በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር ያዛውራቸዋል፤ በ1993 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሁሉ አሳትሞበታል! የእሱ ሰፊ መስክ ነው፣ የእኔ ቢሾፍቱ ያለች አንዲት ጓሮ። ሐሳቡ ግን ለሁለታችንም ልክክ!

ደግሞ ዶሮዎቹን ጎመኑ ተለቅሞ ያለቀበት መደብ ላይ አቁሟቸው! አረሙን ይለቅማሉ፣ ትሉን ያወጣሉ፣ አፈሩን ይገለብጣሉ፣ ማዳበሪያውንም እዚያው ይጥላሉ። ያለ ዶማ! እኔ ነገ የቆስጣው መደብ ላይ ላሰማራቸው ነው። እናንተም ሞራሌ ግዙ፣ በያጅ ጥሩ፣ ዛሬውኑ ጀምሩ!