ከሩቁ ሽብር በፊት የቅርቡ አባ ሰንጋ

በዩኒቨርሲቲ ስለ ባዮሎጂ ጦር መሣሪያ መከላከያ ሲሰጥ የሚሰማው ትምህርት ዋና ምሳሌው፥ በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በፖስታ ተልኮ አምስት ሰዎችን የገደለው የአባ ሰንጋ ዱቄት ነው። ምሳሌው እውነት ቢሆንም ለመቀሌ ተማሪ ጎደሎ ነው። ክፉ ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ ተምቤን በ1928 ዓ.ም. የጣልያንን የመርዝ ጋዝ ቀምሷል። ነገር ግን አባ ሰንጋ በትግራይ ገጠር ያለ ጠላት እጅ የሚነሣ በሽታ ነው፤ የሞተው በሬ ቆዳው ሲገፈፍ ጀርሙ ለአየር ተጋልጦ ስፖር ይሆንና በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። የዘወትሩን በሽታ ያላወቀ፥ ሆን ተብሎ የተዘራውን በምን ይለየዋል? ስለዚህ ሥልጠናው የሰውንና የእንስሳትን ሕክምና ተማሪዎች አጣምሮ ከገበሬው በረት ይጀምር። የበሬውን ሞት ሥጋው ሳይበለት የሚያስታውቅ ገበሬና ናሙናውን ቶሎ የሚመረምር ላቦራቶሪ ከሌሉን፥ መከላከያው ስም ብቻ ይሆናል።