ከጀግናው ጀርባ የቆሙት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሆሊዉድ የተሠሩ ርካሽ የጫካ ጀብዱ ፊልሞችን እሰበስባለሁ። ይህን በወገን መካከል መናዘዝ ቀላል አይደለም፤ ጥቁርን ሕዝብ የሚያዋርዱ ናቸው ይሉኛል። ናቸው።

ጆኒ ዋይዝሙለር ታርዛንን እስከ 1948 (አቆጣጠሩ ሁሉ የፈረንጆች ነው) በ12 ፊልሞች ከተጫወተ በኋላ ልብስ ደርቦ «ጃንግል ጂም» ሆነ፤ እስከ 1955 ድረስ 16 ፊልሞች ተከታተሉ። በታርዛን ቤት ልጅ ሆኖ ያደገው ጆኒ ሼፊልድም «ቦምባ» ተብሎ በ12 ፊልሞች ዛፍ ለዛፍ ተንጠላጠለ። «አፍሪቃቸው» ብዙ ጊዜ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አርካዲያ ያለው የዕጽዋት መናፈሻ ነው።

ሰብሳቢ ወዳጆቼ የሚወዱት ስፌቱን ነው። በ1949 በወጣው የመጀመሪያው የቦምባ ፊልም ውስጥ «አፍሪቃ ትናገራለች» ከተባለው የ1930 ፊልም የተቆረጡ ትዕይንቶች ተቀጥለዋል። ምስሉ ድንገት ይሻክራል፣ ብርሃኑ ይለወጣል፤ ልጁ ሃያ ዓመት ገደማ የቀደመውን መንጋ አሻግሮ ያያል። ወዳጆቼ ይስቃሉ፤ የዋህነት ይሉታል። ለእኔ ይህ ቃል አይዋጥልኝም። የሰውን ምድር ቆርጦ መቀጠል ሄዶ ከመቅረጽ ይልቅ ይረክሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን እሰበስባለሁ? በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት፣ ከታርዛን ጎን ተሰልፌ አጨብጭቤያለሁ። ጭነት ተሸክመው ከኋላ የሚከተሉት እኔን መሰል መሆናቸውን የነገረችኝ አሜሪካ ናት። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከጀግናው ላይ ተነሥቶ ወደ ጀርባው ሄደ።

እዚያም ዉዲ ስትሮድን አገኘሁት። በ1946 ከኬኒ ዋሽንግተን ጋር የአሜሪካን ፉትቦል የቀለም አጥር የሰበረው ሰው በ1951 የቦምባ ፊልም ውስጥ ይታያል። በ1956 በ«ዐሥርቱ ትእዛዛት» የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ በ1960 በ«ስፓርታከስ» ሦስት ጣት ያለውን ጦሩን ወደ ሮማውያን መኳንንት የሚወረውረው ኢትዮጵያዊ ድራባ፣ እርሱው ነው። ዶሮቲ ዳንድሪጅም በ1951 የታርዛን ፊልም ላይ ንግሥት ናት፤ በምርጥ ተዋናይትነት ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ያደረጋት «ካርመን ጆንስ» የወጣው ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1954 ነው።

እነዚህን ፊቶች ያለ ቦምባ ላገኛቸው ብችል ቦምባን በጣልኩት ነበር። ወዳጆቼ ልጁ ከዛፉ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። እኔ ስትሮድ ባለፈበት ላይ አቆምና ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፤ እነርሱም አንዳንዴ ይቆጣሉ።